«አባቴ በሆቴል ውሃ ታመዋል፤ ጠበቃ ከየት ላግኝ?» ለሚለው ጥያቄ

ጥያቄውን ላቀረቡት እህታችን፣ በቅድሚያ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። እንደተረዳሁት አባትዎ ለሠርግ ከዲላ መጥተው እዚህ ሐዋሳ በአንድ ሆቴል ሦስት ሌሊት አድረዋል፤ በሳምንቱ ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ገብተዋል፤ በሽንት ምርመራም ሌጂዮኔላ የሚባለው፣ በውሃ ውስጥ እየተራባ ከሻወር በሚወጣ የውሃ ብናኝ ወደ ሳንባ የሚገባው ባክቴሪያ እንደተገኘባቸው ሐኪሙ ነግሯችኋል። እርስዎም ሆቴሉን መክሰስ ይቻል እንደሆነ፣ ጠበቃ ከየት እንደሚገኝ፣ የሆቴሉን ስም እዚህ ቢጽፉ ችግር ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ይሁን እንጂ የታላቅ ወንድሜን ተመሳሳይ ጉዳይ በወኪልነት ይዤ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተመላልሻለሁና ያየሁትን ሳልቆጥብ እጽፍልዎታለሁ።

ጠበቃ መፈለግዎን አይተዉ፤ ነገር ግን ጠበቃው እስኪገኝ ድረስ ውሃው አይጠብቅዎትም። የእኛ ጉዳይ የተዳከመው ሕጉ ጎድሎ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የእህታችንን ልጅ ለመዳር መጥቶ፣ ቤታችን በእንግዳ ስለተጨናነቀ፣ ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ዘጠኝ ሌሊት አደረ። የ61 ዓመት ሰው ነው፤ ስኳር አለበት፤ ሲጋራም ያጨስ ነበር፤ ይህ በሽታ አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ወደ አሜሪካ በተመለሰ በአራተኛው ቀን ትኩሳት፣ ሳል፣ ተቅማጥና መቀባዠር ጀመረው። እዚያ በሽንት ምርመራ በሽታውን ለይተውለት ተገቢውን መድኃኒት ሰጡት፤ የአካባቢው የጤና ቢሮ ባልደረባም ከመታመሙ በፊት በነበሩት 14 ቀናት የት የት እንዳደረ ደውላ ጠየቀችው። እኛ ግን እዚህ ሆነን «እሱ ይዳንልን እንጂ ሌላው ምን ያደርጋል» እያልን አምስት ሳምንት አሳለፍን። ከዚያ በኋላ እኔው በቅንነት ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነገርኩት። በማግሥቱ ሮቶው ተፈትጎ ታጠበ፣ ክሎሪን ተጨመረበት፣ የሻወር ራሶቹ በሙሉ ተቀየሩ። ለቀጣዮቹ እንግዶች ደግ ሥራ ነበር፤ የእኛ ማስረጃ ግን ከዝቃጩ ጋር አብሮ ሄደ።

ስለዚህ ለሆቴሉ ከመናገርዎ በፊት ለከተማው ጤና መምሪያ፣ በተለይም የሆቴሎችን ንጽሕና ለሚቆጣጠረው ክፍል፣ በጽሑፍ ያመልክቱ። በማመልከቻው ላይ አባትዎ ያደሩበትን ቀን፣ የክፍሉን ቁጥርና የምርመራውን ውጤት ይግለጹ፤ ከውሃው ናሙና እንዲወሰድም በግልጽ ይጠይቁ። ቅጂው ላይ የገቢ መዝገብ ቁጥርና ማኅተም ሳያስመቱ ከቢሮው አይውጡ፤ በኋላ ሆቴሉ መቼ እንዳወቀ፣ መቼስ እንዳጸዳ ለማሳየት ያ ማኅተም ራሱ ማስረጃ ነው። ናሙናውን ባለሙያ ይውሰደው። እርስዎ ግን ልብ ይበሉ፤ ናሙናው ቢያንስ አንድ ሊትር መሆን አለበት፤ የሚቀዳውም ንጹሕ በተደረገ ጠርሙስ፣ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሳይፈስ፣ ከአባትዎ ክፍል ሻወርና ከቦይለሩ ነው። በውሃው ክሎሪን ካለ ባክቴሪያውን በመንገድ ላይ እንዳይገድለው ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ኬሚካል በጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ ይጨመራል። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ እስከ 10 ቀን ሊፈጅ ስለሚችል ውጤቱ በነጋታው ባይመጣ አይደንግጡ።

እዚህ ላይ እኛን ያሳሳተን አንድ ነገር አለ። ሆቴሉ ወደ ኋላ ላይ «ውሃችን ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተብሏል» ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት አቀረበ። ወረቀቱን አይተን ልባችን ተሰበረ። በኋላ አንድ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ስናማክር ምርመራው በሰገራ የሚመጡ ባክቴሪያዎችን ብቻ የሚፈልግ የተለመደው ምርመራ እንደሆነና ሌጂዮኔላን ጨርሶ እንደማይነካ አስረዳን። ውሃ በአንዱ ምርመራ አልፎ በሌላው ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ቢቀርብልዎ መጀመሪያ የምን ምርመራ እንደሆነ ያንብቡ።

ከሐኪሙም ዘንድ አንድ ጉዳይ አለዎት። የሽንት ምርመራው አባትዎ በሽታው እንዳለባቸው ያሳያል፤ በሽታው ከየት እንደመጣ ግን አያሳይም። ያንን የሚያሳየው ከአክታቸው የሚያድገው ባክቴሪያ ከሆቴሉ ውሃ ከሚገኘው ጋር በዘር ሲመሳሰል ነው። ስለዚህ አክታቸው ተወስዶ ተለይቶ እንዲቀመጥና ለሌጂዮኔላ እንዲመረመር ሐኪሙን በትሕትና ይለምኑ። በእኛ ጉዳይ አሜሪካ ያሉት ሐኪሞች ሽንቱን ብቻ ስለመረመሩ፣ የሆቴሉ ጠበቃ «በአውሮፕላን ተሳፍሯል፣ አዲስ አበባም አድሯል፣ የገዛ ቤቱ ሻወርስ?» እያለ ሲከራከር የምንመልሰው ጠንካራ ነገር አጣን። አባትዎ ግን ከዲላ መጥተው ወደ ዲላ የተመለሱ ከሆነ የእርስዎ መንገድ ከእኛ ይልቅ አጭር ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚዛመት ስላልሆነ «ከሌላ ሰው ይዞት ይሆናል» የሚለው ክርክርም ብዙ አያስኬድም።

አብረው ያደሩ ሌሎች እንግዶችንም ያፈላልጉ። ከእኛ ሠርገኞች አንዱ በዚያው ሰሞን በሳንባ ምች ተኝቶ እንደነበር የሰማነው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሴፍትሪያክሶንና አዚትሮማይሲን አንድ ላይ ተሰጥቶት ድኗል፤ የመጀመሪያው በሌጂዮኔላ ላይ አይሠራም፣ ሁለተኛው ይሠራል። እንደሚመስለኝ በአገራችን በሽታው ስሙ ሳይጠራ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ይታዘዛሉ፣ ሕመምተኛው ይድናል፣ ማንም አይመረምርም።

ወደ ሕጉ ልለፍ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ አለበት፤ በአንቀጽ 2141 መሠረት ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ የተጎጂው ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ባክቴሪያው ነበር ወይ» በሚለው ብቻ አያበቃም፤ «ሆቴሉ ማድረግ የሚገባውን አድርጓል ወይ» የሚለውም አብሮ ይነሳል። ባክቴሪያው የሚራባው ለብ ባለ ውሃ፣ በግምት ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው፤ ቦይለር ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ 60 ዲግሪ እንዲደርስ የሚመከረውም ለዚህ ነው። በቱቦ ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ ውሃም ለባክቴሪያው ይመቸዋል። እኛን ወደ እርቅ ያደረሰን የላቦራቶሪ ወረቀት ሳይሆን ቀደም ሲል በሆቴሉ የጥገና ሠራተኛ የነበረ ሰው የሰጠው ቃል ነው። ወንድሜ ያደረበት ፎቅ ሁለት ወር ተዘግቶ ቆይቶ ለሠርጉ ሲባል በችኮላ እንደተከፈተ፣ ቧንቧዎቹን ለረጅም ጊዜ አፍስሶ የማጠብ ሥራ እንዳልተሠራ፣ የመብራት ወጪ ለመቀነስም የቦይለሩ ሙቀት ዝቅ ተደርጎ እንደነበር ተናገረ። የሙቀት መመዝገቢያ አምጡ ስንል ሆቴሉ አንድ ገጽ እንኳ ማቅረብ አልቻለም። የጥገና ሠራተኞችን በአክብሮት ይጠይቁ፤ ነገር ግን እንጀራቸው እንደሆነ አይርሱ፣ ሥራ ላይ ያለን ሰው በግድ አያናግሩ።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ላይ «እንደኛ ባለ ደረጃውን የጠበቀ ሆቴል እንዴት ይህ ይባላል» ብሎ ነበር። ጠበቃችን የመለሰለት በሽታው ስሙን ባገኘበት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የሆነው ሌጂዮን ስብሰባውን ያደረገው በፊላደልፊያ ከተማ በቤልቪዩ ስትራትፎርድ ነበር፤ በዘመኑ እጅግ የተከበረ ሆቴል ነው። ከዚያ ስብሰባ ጋር በተያያዘ ከ200 በላይ ሰዎች ታመው 34 ሞቱ፤ የበሽታው ምንጭ የሆነው ባክቴሪያ የተለየውም ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

ጊዜን በተመለከተ በጣም ይጠንቀቁ። ከውል ውጭ በሚደርስ ጉዳት የሚቀርብ የካሣ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ ክሱ አይሰማም። አባትዎ ክፍል ተከራይተው ያደሩ እንግዳ ስለሆኑ ጉዳዩ በውል ይታይ ወይስ ከውል ውጭ የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል፤ የውል ይርጋ በመደበኛነት 10 ዓመት ነው። ጠበቃችን ግን «በዚህ ክርክር ላይ ዕድላችንን አንሞክርም» ብሎ አቤቱታውን ሁለቱ ዓመት ሳይሞላ አስገባ፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። የታመመው ሰው የሆቴሉ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ምክንያት ለሚመጣ ጉዳትና በሽታ ኃላፊነት አለበት።

ስለ ጠበቃ ያየሁትን ልንገርዎ። ይህን በሽታ ብቻ የሚይዝ ጠበቃ እዚህ አይፈልጉ፤ አያገኙም፣ አያስፈልግዎትምም። የሚያስፈልግዎት በመኪና አደጋም ሆነ በሕክምና ስህተት የአካል ጉዳት ካሣ ተከራክሮ የሚያውቅ፣ የሐኪም ወረቀት ማንበብ የማይሰለቸው ሰው ነው። እኔ አራት ጠበቆች አነጋግሬ የመረጥኩት «እናሸንፋለን» ያሉኝን ሦስቱን ሳይሆን «የውሃው ውጤት የታለ?» ብሎ የጠየቀኝን ነው። ክፍያውን፣ ምን ያህሉ በቅድሚያ፣ ምን ያህሉ ከውጤት በኋላ እንደሚከፈል፣ ይግባኝ ቢኖር ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ወንድሜ አሜሪካ ያሉትንም ጠይቆ ነበር። እዚያ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚይዙ ጠበቆች በቅድሚያ አያስከፍሉም፤ ካሣ ከተገኘ በተለምዶ ሲሶውን ያህል ይወስዳሉ። ይሁን እንጂ የእነርሱ ፍርድ ቤት ሐዋሳ ባለ ሆቴል ላይ ሥልጣን እንደሌለው ነግረው መለሱት። ስለዚህ «የውጭ ጠበቃ ይሻላል» የሚልዎት ሰው ካለ ጊዜዎን አያባክኑ።

የጠበቃ አቅም ከሌለዎት የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉት፤ አቤቱታ መጻፍንና ማማከርን ከእነርሱ መጀመር ይቻላል። የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በጠየቁት ገንዘብ መጠን ስለሆነ አስፈሪ ቁጥር መጻፍ ሆቴሉን ከማስፈራቱ በፊት የእርስዎን ኪስ ይጎዳል፤ መክፈል የማይችል ሰው ግን በደሃ ደንብ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይችላል። ክሱ የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚገኝበት ቦታ ስለሆነ ወደ ሐዋሳ መመላለስዎ አይቀርም። በተጨማሪም እናንተ የሌላ ክልል ነዋሪዎች ስለሆናችሁ ጉዳዩ በየትኛው እርከን ባለ ፍርድ ቤት እንደሚታይ ጠበቃውን በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁት፤ በሥልጣን ጥያቄ የተዘጋ መዝገብ ወራትን ይበላል።

አባትዎ አእምሯቸው ንቁ ሳለ ውክልናውን ይጨርሱ። ውክልናው ክስ መመሥረትንና መታረቅን በግልጽ መጥቀስ አለበት። የወንድሜ የመጀመሪያ ውክልና «ማንኛውንም ጉዳዬን እንዲያስፈጽም» የሚል አጠቃላይ ቃል ብቻ ስለነበረው፣ ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲያችን እንደገና ተጽፎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እስኪመጣ ሁለት ወር ተኩል ጠፋብን።

ስለሚያገኙት ገንዘብ በአሜሪካ ቁጥር አያስቡ። ሕጋችን የሚክሰው በማስረጃ የተደገፈን ጉዳት፣ ማለትም የሕክምናና የመድኃኒት ወጪን፣ የትራንስፖርትን፣ የቀረ ገቢን ነው። ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ በአንቀጽ 2116 መሠረት ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ግን የሐዋሳ ዲላን የደርሶ መልስ ወጪ ከሸፈነ ጥሩ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ደረሰኝ፣ አስታማሚ የበላችውን ሳይቀር፣ በአንድ ፋይል ያስቀምጡ። እኛ በስተመጨረሻ በሽማግሌዎች ፊት ተቀምጠን ከጠየቅነው ሲሶውን በሚያህል ገንዘብ ታረቅን፤ የእርቅ ውሉም በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ወንድሜ አልከፋውም፤ እኔ ግን ያ ሮቶ ሳይታጠብ ናሙና ቢወሰድ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሆቴሉን ስም ስለመጻፍ፦ አሁን አይጻፉ። ማስረጃው ሳይጠናቀቅ ስም ከጠቀሱ በስም ማጥፋት እርስዎ ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከዚያም በላይ ጽሑፍዎን ያየ ሥራ አስኪያጅ በዚያው ሌሊት ሮቶውን ያሳጥበዋል። ሌሎች እንግዶች እንዳይጎዱ የሚለው ስጋትዎ ትክክል ነው፤ ለጤና መምሪያው የሚያስገቡት ማመልከቻ ይህንንም ያሟላል፣ ሆቴሉን የመፈተሽና የማስቆም ሥልጣን ያለው እርሱ ነውና። እኛ ያስገባነው ማመልከቻ ቅጂ ከእኔ ዘንድ አለ፤ ዘግይቶ ቢጻፍም አጻጻፉ ይጠቅምዎታል። የወንድሜን ስም ሸፍኜ በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ፤ ቢቻል ነገ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ይዘውት ይግቡ።