ድግሱ የእነሱ፣ ቅጣቱ የእኔ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ፊት ለፊቴ ኮሚናሉ፣ ማለትም የነዋሪው የጋራ መገልገያ ቤት ነው። ክርስትናውም፣ ሰርጉም፣ ለቅሶውም እዚያ ይበላል። እንግዳው ሲበተን አጥንቱና የወጡ ቅባት እዚያው ይቀራል። በቅርቡ በግ ያረዱ ሰዎች ፈርሱን ቱቦ ውስጥ ጨምረውት ፍሳሹ በሬ ላይ ገነፈለ። ኮሚቴው «ማን እንዳደረገው አላወቅንም» ብሎ በየቤቱ 500 ብር ቅጣት ጣለ። አልከፍልም ስል ውሃዬን ዘጉት። ይችላሉ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ውሃዎን መዝጋት አይችሉም። ኮሚቴው የሚጠይቀው ገንዘብ ካለው ይጠይቅዎት፣ እምቢ ካሉት ይክሰስዎት። ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ፈጻሚ ሆኖ ቧንቧ መቆለፍ ግን ሥልጣኑ አይደለም። ውሃው እንዲከፈት ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርም። አልቀበልም ካሉ ሁለት ጎረቤት ባለበት ይስጡና እነሱን ያስፈርሙ። ካልከፈቱ ፍርድ ቤት የሚሄዱት ይህንኑ ወረቀት ይዘው ነው።

ወደ 500 ብሩ ስንመጣ፣ በመጀመሪያ ስሙ ይለይ። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ የሆነውን ንብረት የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ለማስጠገኛና ለማጽጃ መዋጮ መሰብሰብም ይችላል። ቱቦውን ለማስከፈት የወጣ ወጪ ከሆነ መዋጮ ነው፤ የማኅበሩ አባል ደግሞ አከራይዎ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ሂሳቡ ወደ እርስዎ የሚመጣው የኪራይ ውልዎ የጋራ ወጪን ተከራይ ይሸፍናል የሚል ከሆነ ነው፤ ውሉን አውጥተው ይዩት።

ቅጣት ከሆነ ግን አጥፊ ይፈልጋል። «ማን እንዳጠፋ ስላላወቅን ሁላችሁም» የሚለው ለትምህርት ቤት ይሆን ይሆናል፣ ለሕግ አይሆንም። ቅጣቱን የሚፈቅደውን መተዳደሪያ ደንብና ጠቅላላ ጉባኤው የወሰነበትን ቃለ ጉባኤ ያሳዩኝ ይበሉ። ብዙ ጊዜ «ደንቡ» የተባለው ደረጃው ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። ደግሞስ ድንኳን ተጥሎ፣ በግ ታርዶ፣ ሰፈሩ ሁሉ በልቶ ደጋሹ አልታወቀም ሲባል ማን ያምናል? የኮሚናሉን ቁልፍ በዚያ ቀን ማን እንደወሰደ ይጠይቁ።

ሽታውን በሚመለከት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስን፣ መጥፎ ሽታንና ድምፅን ይከለክላል፤ የአካባቢውን ልማድም ከግምት ያስገባል። ስለዚህ የበዓል ዋዜማ የሽንኩርት ሽታ አያስከስስም፤ በር ላይ ቀናት የቆየ ፍሳሽ ግን ያስከስሳል። ከመጸዳቱ በፊት ፎቶ ያንሱት፤ ለማጽጃ ያወጡት ካለ ደረሰኙን ያስቀምጡ።

ለወደፊቱ የሚሠራው ኮሚናሉን የሚወስድ ሰው ስሙን አስመዝግቦ መያዣ ገንዘብ እንዲያስይዝና ታጥቦ ሲያስረክብ ብሩ እንዲመለስለት ማድረግ ነው። ይህ በደንቡ እንዲገባ ጉባኤው ላይ ድምፅ የሚሰጡት አከራይዎ ናቸው። መገኘት ካልቻሉ በጽሑፍ ይወክሉዎት፤ ደንቡ በወኪል ድምፅ መስጠትን መፍቀዱን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።