ከወገብ በታች ያመመ ሁሉ ኩላሊት አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። ከወለድኩ 6 ወር ሆነኝ። ከወገቤ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል ይወጋኛል። አልጋ ላይ ስገላበጥና ባጃጅ ስሳፈርማ አይጣል ነው። ሰው ሁሉ ኩላሊት ነው ይለኛል፤ የሽንት ምርመራውም የወገብ ራጁም ግን ደህና ነው ተባልኩ። እናቴ ወጌሻ ጋ እንሂድ እያለች ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ማርያም ማረችሽ! የኩላሊት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ ከጎድን አጥንት ሥር ነው የሚሰማው፤ በመገላበጥም አይባባስም።

እስኪ ቁሚና የሚያምሽን ቦታ በአንድ ጣት ብቻ ጠቁሚ። ጣትሽ ከመቀመጫሽ በላይ ካለችው ስርጉድ አጠገብ ካረፈ፣ እኔ የምጠረጥረው የአከርካሪው ታችኛ ክፍል ከዳሌ አጥንት ጋር የሚገናኝበትን መገጣጠሚያ ነው፤ ሳክሮኢሊያክ ይባላል። በእርግዝና ጊዜ ጅማቶቹ ይላላሉ፣ ከወሊድ በኋላም ሕመሙ ወራት ሊቆይ ይችላል። ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም። የሚለየው በእጅ ምርመራ ነው፦ ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ ዳሌሽን እየተጫነ፣ ጭንሽን እያጠፈ 5 ያህል ፍተሻ ያደርጋል፤ 3ቱ ያንኑ ሕመም ከቀሰቀሱ ጥርጣሬው ይጠነክራል፣ በአንዱ ብቻ ግን አይፈረድም።

እስከዚያው ስትገላበጪ ጉልበቶችሽን ገጥመሽ ዙሪ። ባጃጅ ላይ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ከዚያ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ አስገቢ። ልጁን በአንድ ዳሌ አንጠልጥለሽ አትያዢ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ መቀመጫሽን ከፍ አድርጊ፣ 5 ሰከንድ ያዢው፣ 10 ጊዜ ደጋግሚው፤ ካመመሽ ቀንሺ። ቀበቶም ይረዳል፣ ግን እንደ መቀነት ወገብ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ዳሌ ላይ ነው የሚታሰረው። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን ለምታጠባ እናት ለጥቂት ቀን ይፈቀዳል፤ ጨጓራ ካለብሽ ግን ሳትጠይቂ እንዳትውጪ።

እናትሽን አታስቀይሚያት፣ ግን ወጌሻው እንዲጠመዝዝሽ አትፍቀጂ።

ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ ድርቅ ብሎሽ ስትንቀሳቀሺ የሚለቅሽ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሪው። ትኩሳትና ላብ ካለሽ፣ በተለይ ያልፈላ ወተት የምትጠጪ ከሆነ፣ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈውን የብሩሴሎሲስ በሽታ የደም ምርመራ ጠይቂ። እግርሽ ከዛለ፣ ጭንሽ መሃል ከደነዘዘሽ ወይም ሽንት እምቢ ካለሽ ደግሞ ቀጠሮ ምናምን ሳትይ በዚያው ቀን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።