ጥርሳችሁን ከማስነጣታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጥርስ በማከም ነው። አሁን አሁን የሚመጡ ወጣቶች ድዳቸው እየደማ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ዶክተር፣ እንዴት ይነጣልኛል?" ብለው ነው። አልፈርድባችሁም። ሳቅ በመጣ ቁጥር አፍን በእጅ መሸፈን ምን ያህል እንደሚያሳቅቅ አውቃለሁ። ግን ተመልሶ የማይመጣውን ነገር ለይታችሁ እንድታውቁ እፈልጋለሁ።

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። ከአጥንትም ይጠነክራል። ሆኖም ሕይወት ያለው ሕዋስ ስለሌለው አንዴ ከተፋቀ አይተካም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ደግሞ በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ያደላል። እንግዲህ ቪዲዮ አይታችሁ በሎሚና በከሰል ዱቄት ስትፈትጉት መጀመሪያ ላይ የነጣ ይመስላችኋል፤ ከዚያ ሽፋኑ እየሳሳ ሲሄድ ቢጫው ጭራሽ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ነገር በቀመሳችሁ ቁጥርም ይጠዘጥዛችኋል። እባካችሁ ይቅርባችሁ።

ሐኪም ዘንድ የሚሠራው ሌላ ነው። ፐርኦክሳይድ የሚባል የሚያነጣ ኬሚካል ያለበት ጄል ወደ ውስጥ ዘልቆ ቀለሙን ይበትነዋል። ለጥቂት ቀናት ሊቆረጥማችሁ ይችላል፣ ያልፋል። የተሞላ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን በዚህ አይነጣም። ፊት ለፊት ሙሌት ያለው ሰው ይህን ቀድሞ ካላወቀ ሁለት ዓይነት ቀለም ይዞ ይወጣል። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ደግሞ ቅድሚያ ለእሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከ0.1 እስከ 6 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለው ማስነጫ ለጥርስ ሐኪሞች ብቻ እንዲሸጥ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑም እንዳይሰጥ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

የተዛባ ጥርስ ማስተካከልን በተመለከተ ትልቁ ችግራችሁ ችኮላ ነው። ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚታሰረው ማስተካከያ ሽቦ፣ ጥርሱን ቀስ ብሎ ሲገፋው፣ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ ከኋላው አዲስ አጥንት ይሠራል። ይህ ሁሉ ሆኖ ጥርሱ የሚንቀሳቀሰው በወር 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ እስከ 2 ዓመት የሚፈጀው ለዚህ ነው። አንዳንዶቻችሁ መታገሥ አቅቷችሁ የፊት ጥርሳችሁን ክፍተት በተራ ላስቲክ ታስራላችሁ፤ ላስቲኩ ድድ ውስጥ ሾልኮ ይገባል፣ ሥሩን ተከትሎ ይወጣና አጥንቱን ይጨርሰዋል፣ ምንም ያልነበረበት ጤነኛ ጥርስ ይወላልቃል። ይህን ሳይ አንጀቴ ያርራል።

ብሬሱ ሲፈታም አላለቀም። ጥርሱን የያዙት ጅማቶች ወደ ድሮ ቦታው ይስቡታል። ስለዚህ ጥርሱን በአዲሱ ቦታው የሚይዘውን ሪቴይነር ሐኪማችሁ ባላችሁ መሠረት፣ ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ማታ ማታ፣ አድርጉት። ያን ሁሉ ታግሶ ሪቴይነር ሰልችቶት ጥርሱ የተመለሰበት ሰው ብዙ ነው። በሚወልቀው ግልጽ ፕላስቲክ የምታስተካክሉም በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ካላደረጋችሁት ገንዘባችሁን ነው የምትጥሉት። ብሬስ ያሰራችሁ ደግሞ በሽቦው ዙሪያ ጠንክራችሁ አጽዱ፣ አለዚያ ሲፈታ ጥርሳችሁ ላይ ነጫጭ ጠባሳ ይቀራል።

የየቀኑን ታውቁታላችሁ። ለስላሳ ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና፣ በቀን ሁለቴ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። አረፋውን ትፉት እንጂ ወዲያው በውሃ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ይታጠባል። ድዳችሁ ሲደማ ፈርታችሁ መቦረሽ አታቁሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደማው እዚያ የተከማቸው ቆሻሻ ነው። በደንብ እያጸዳችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈውና አሁንም ከደማ ሐኪም ይየው።