ወንድሜ ሊፈታ ነው፤ የእናቴን ስለት መቼ እናስገባ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ። ወንድሜ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጣልቶ ሰው ገደለና 12 ዓመት ተፈረደበት። ስምንቱን ታስሮ አሁን በአመክሮ ሊወጣ ነው። እናቴ «ልጄን በሰላም ካወጣችሁልኝ» ብላ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ጥላ ተስላለች። ዘመዶቻችን ደግሞ ድንኳን ተጥሎ፣ በሬ ታርዶ፣ ከማረሚያ ቤቱ በር ጀምሮ በጭፈራ እንቀበለው ይላሉ። ስለቱ መቼ ይግባ? ወንድሜስ ቅጣቱን ስለጨረሰ ወዲያው መቁረብ ይችላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። የስለቱን ቀን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። ከጥያቄሽ ያስቆመኝ «ቅጣቱን ስለጨረሰ» ያልሽው ነው። ይህን ስንት ቤት ሰምቼዋለሁ!

በመጀመሪያ በሕጉም ቢሆን ልክ አይደለም። አመክሮ ማለት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ ሰው፣ ጠባዩ መታረሙ ታይቶ በቅድመ ሁኔታ የሚለቀቅበት ነው። ቀሪው አራት ዓመት አልተሰረዘም፤ በአመክሮው ጊዜ ቢያጠፋ ሊመለስ ይችላል። ይቅርታ ሌላ ነው፣ ምሕረትም ሌላ ነው። ቤተሰብ ግን ሦስቱንም «ነጻ ወጣ» ብሎ ይጠቀልላቸዋል። የመፈቻ ወረቀቱን እናንተም አንብቡት፣ ግዴታውን እሱ ብቻ አይወቀው። ደግሞ ልብ በይ፦ ይኸው ሕግ አመክሮ የሚፈቅደው ጥፋተኛው አቅሙ በፈቀደ መጠን ጉዳቱን ለመካስ መሞከሩን ጠይቆ ነው። የምድሩ ዳኛ እንኳ «የተበደለውስ?» ይላል።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል መሰለኝ። እስረኛ ይፈታል እንላለን። ንስሐ ስትገቢም አባትሽ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉሻል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ሰው ነገሩንም አንድ ያደርገዋል። የመጀመሪያውን መፈታት ጠባቂው በር ላይ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው የተሰጠው «በምድር የምትፈቱት ሁሉ በሰማይ የተፈታ ይሆናል» (ማቴ. 18፥18) ለተባሉት ነው። ዳዊትን ማን አሰረው? ማንም። ኦርዮን አስገድሎ ዙፋኑ ላይ ነበር፤ ሆኖም በመዝሙር 50 «ከደም አድነኝ» እያለ ያለቅሳል። ወንድምሽም በወጣ ሳምንት ንስሐ አባቱ ዘንድ ይቅረብ። ቀኖናውን የሚሰጡት፣ የሚቆርብበትንም ጊዜ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። «ለነፍሰ ገዳይ ቁርባን የለም» የሚል ዘመድ ካለ ግን ዝም አሰኙት፤ እንዲህ ያለ ትምህርት የለንም።

ወደ ድንኳኑ ልምጣ፤ እዚህ ላይ አልለሳለስም። ድንኳኑ አይጣል። ጭፈራውም ይቅር፣ ተኩስ ያሰበ ካለማ ከአሁኑ መሣሪያውን ተቀበሉት። የሟች እናት እልልታችሁ የሚሰማት ቦታ ናት። የእናንተ ደስታ ለእሷ የልጇ መርዶ ዳግመኛ መነገሩ ነው። በእኛ አገር ደም እንዴት እንደሚቆጠር ለአንቺ አላስረዳም። በጭፈራ ከወጣ በሦስተኛው ሳምንት ፍትሐቱን ያደረስኩለት ወጣት አለ። እሱም መፈታት ተባለ።

ስለዚህ መውጫው ቀን ሳይደርስ ሽማግሌ ይሂድ። ንስሐ አባታችሁ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ይሁኑ። «ግቡ» ካልተባሉ ደጅ ቆመው ይመለሱ፣ በማግስቱም ይሂዱ። አንድ ጊዜ ሄደው «እምቢ አሉን» የሚሉ ሽማግሌዎች አይጠቅሟችሁም። ደም የማድረቁ፣ የእርቁ ማለቴ ነው፣ ቀን ሲቆረጥ ወንድምሽ ድንጋይ ተሸክሞ መውደቅ ካፈረ፣ ስምንቱ ዓመት ገና አልገባውም ማለት ነው።

ስለ ቤታችሁም አንድ ነገር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን አንብቢው። በማርቆስ እናት በማርያም ቤት ተሰብስበው ለታሰረው ጴጥሮስ ይጸልያሉ። ጴጥሮስ ወጥቶ መጥቶ ያንኳኳል። ሮዴ የምትባለው ልጅ ድምፁን ለይታ ከደስታዋ ብዛት በሩን ሳትከፍት ወደ ውስጥ ትሮጣለች፤ የሚጸልዩትም «አብደሻል» ይሏታል። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ደጅ ቆሟል። ስምንት ዓመት ስንቅ ያመላለሰ ቤተሰብም እንዲሁ ነው፤ ለእንግዳ ሲሯሯጥ የወጣውን ሰው ይረሳዋል።

አንድ ጊዜ አዘዞ አንዱን ተፈቺ ቤቱ ድረስ ሸኘሁት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ እሱ ግን ቆሞ ቀረ። ምነው ስለው «የሚከፍትልኝ እየጠበቅሁ» አለኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ቡና ሁለተኛው ሲቀዳ ብድግ ብሎ ግድግዳው ሥር ቀጥ አለ። ለካ የቆጠራ ሰዓት ነው። ልጆቹ ሳቁ። ሚስቱ ጀበናውን አስቀምጣ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። ምንም አላለችም፣ እሱ እስኪቀመጥ ድረስ ቆመች። እኔ ብዙ ሰብኬአለሁ፤ የዚያን ቀን ግን የምጨምረው አላገኘሁም።

ስለቱን በተመለከተ፣ ጥላው የእናትሽ ነው፤ ማንም አይከለክላቸውም። ሽማግሌዎቹ ከሟች ቤት ደጅ ከቆሙ በኋላ ጥር 7 ያስገቡት። ጌታችን መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏልና (ማቴ. 5፥24) ሽምግልናው ካልተጀመረ ለሐምሌ ሥላሴ ይቆይ፤ ጥላ አይበላሽም። ለበሬው ካሰባችሁት ገንዘብ ለሟች ልጆች የሚሆን ነገር መኖሩን ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማከሩ፤ እናንተ በቀጥታ አትስጡ። ለሽምግልናው የሚቆም ሰው ካጠራችሁ እኔም እጨመራለሁ፤ ቅዳሜ ብቻ አይመቸኝም።