«ኪሪባቲ» ወይስ «ኪሪባስ»?

ጥያቄ፦ ስለ ፓስፊክ ደሴቶች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ካርታው ላይ «ኪሪባቲ» የሚል አገር አለ። ተወላጆቹ በቪዲዮ ሲናገሩ ግን «ኪሪባስ» ሲሉ ሰማሁ። የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ «ኪሪባስ» ይበሉ። ጆሮዎ በትክክል ሰምቷል።

እ.ኤ.አ. በ1788 ቶማስ ጊልበርት የተባለ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ በደሴቶቹ በኩል አለፈ። ኋላም ስሙ ለደሴቶቹ ተሰጠና «ጊልበርትስ» ተባሉ። የአገሬው ቋንቋ «ግ» እና «ል» የሉትም። ስለዚህ «ጊልበርትስ» በአገሬው አፍ «ኪሪባስ» ሲሆን ግ ወደ ክ፣ ል ወደ ር ተለወጡ።

የመጨረሻዋ «ስ» ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። በዚህ ቋንቋ «ት» ከ«ኢ» በፊት ስትመጣ «ስ» ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1857 የገባው አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ሂራም ቢንግሃም ቋንቋውን በላቲን ፊደል ሲጽፍ ለ«ስ» የተለየ ፊደል አላስፈለገውም። «ቲ» ተጽፎ «ስ» ተነበበ።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ለወንድ «ክፈት» እንላለን። ለሴት ሲሆን ኢ ትመጣና ት ወደ ች ትለወጣለች፤ «ክፈቺ» እንላለን። እኛ ግን የተለወጠውን ድምፅ እንጽፋለን፣ እነሱ ሥሩን ይጽፋሉ።

«የአገር ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀዳ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ባለቤቱ የጻፈው በላቲን ነው፤ የእኛ ፊደል የሚይዘው ድምፅን ነው። እንግሊዛዊው አሳሽ ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1777 የገና ዋዜማ የደረሰባትንና በገና ስም የሰየማትን የዚሁን አገር ደሴት እንይ። «ኪሪቲማቲ» ብለን ብንጽፍ ማን ገናን ያስታውሳል? «ኪሪስማስ» ስንል ግን ክሪስማስ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

«ፈረንሳዮች ፓሪ እያሉ እኛ ፓሪስ እንል የለ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ፓሪስ ግን ሥር ሰዷል። ይሄኛው ገና ለጋ ስለሆነ ማቃናት ይቻላል።

ምርጫው የእኔ ቢሆን የጥንቱን «ቱንጋሩ» እመርጥ ነበር። ለጆሮ ይጥማል፣ ከመርከበኛም አልተወረሰም። ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ነፃ ሲወጡ ራሳቸው አልመረጡትም። ቱንጋሩ የጊልበርትን ሰንሰለት ብቻ የሚመለከት ስም ነው፤ አገሩ የፊኒክስና የላይን ደሴቶችንም ይዟል። ምክንያታቸው ከእኔ ጆሮ ይበልጣል፤ ያም ሆኖ ቱንጋሩን መውደዴ አልቀረም።

ዜናውም ካርታውም «ኪሪባቲ» ብሎ እንደሄደ አውቃለሁ። ባይዋጥልኝም፣ እንዲያ የጻፈን ሰው ተሳስተሃል አልለውም። እርስዎ መጀመሪያ ላይ «ኪሪባስ (በካርታ ኪሪባቲ)» ብለው ያስተዋውቁ፤ ከዚያ «ኪሪባስ»ን ይያዙ። ስለ ባህላቸው ከጻፉ «ማኔአባ»ን አይርሱ። የመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ነው፤ በውስጡ እያንዳንዱ ወገን የታወቀ መቀመጫ አለው። የፓርላማቸው ስምም ከዚሁ ቃል ይጀምራል። እሱ ውስጥ «ቲ» ስለሌለች እንደተጻፈ ይነበባል።