ሦስት ሳምንት፣ ስንት ደሴት?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «ከባለቤቴ ጋር ሦስት ሳምንት እረፍት አለን፤ ሲሼልስና ኮሞሮስ ሄደን ራቅ ያሉ ደሴቶች ማየት እንፈልጋለን፤ ስንት ደሴት ይበቃናል? ሁለታችንም ዋና አንችልም» ብለሻል። እኛም ልክ እንደዚሁ ነበርን፣ ዋና አለመቻሉ ጭምር። ረዘም ስለሚል ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

አጭሩ መልስ ሦስት ነው። ቢበዛ አራት። ባለቤቴ ግን ሰባት ብሎ ነበር የጀመረው። አራት ኪሎ አንድ ማኪያቶ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ኤክሴል ከፍቶ፣ ቀኖቹን በቀለም ለያይቶ። ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ወደዚያ፣ ረቡዕ ከሰዓት ከዚያ ወደ ሌላው። ካርታ ላይ ስታያቸው እኮ ሜክሲኮና ሳር ቤት ነው የሚመስሉት። መሀላቸው ባሕር እንዳለ፣ ባሕሩም የራሱ ፀባይ እንዳለው ኤክሴሉ አያውቅም።

እኛ 24 ቀን ነው ያገኘነው። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው 16 የሥራ ቀን ነው፤ ያለፈውን ዓመት እረፍት አሳልፈን ስላቆየን ተሳካልን። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ቆይተን ጫጉላችን ላንጋኖ ሁለት ሌሊት ብቻ ነበርና መሥሪያ ቤት ማንም አልከፋውም።

የወረቀቱን ጣጣ ቶሎ ልጨርስልሽ። ሲሼልስ ለማንም አገር ሰው ቪዛ አትጠይቅም። ከመሄድሽ በፊት ግን በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ ትሞያለሽ፤ የመመለሻ ትኬትና የተያዘ ማደሪያ ይፈልጋሉ። ለኮሞሮስ ቪዛውን ሞሮኒ አየር ማረፊያ ስንደርስ ነው የመቱልን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን እንዳትረሱ፤ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው ሲሼልስ ግድ ነው። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ። ሲሼልስ ላይ ወባ የለም፣ ኮሞሮስ ላይ ግን አለ። ስለ መከላከያ ኪኒኑ ሐኪም አማክሩ። ዶላሩን ከባንክ ለማግኘት ደግሞ ጊዜ ስጡት፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሯሯጡበት ነገር አይደለም።

ወሩ ላይ ጠንቀቅ በዪ። የአዲስ አበባ ሰው ክረምቱን ሸሽቶ በሐምሌና በነሐሴ መሄድ ያምረዋል። ሲሼልስ ዝናቡ ያኔ ይቀንሳል፣ ግን የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ጀልባው ይወዛወዛል፣ አንዳንዱ ዳርቻም በባሕር ሣር ይሞላል። ጸጥ የሚለው ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር፣ በሚያዝያና በጥቅምት አካባቢ ነው። እኛ በጥቅምት ሄድን። አማቴ «በጽጌ ጾም ዓሣ ልትበሉ!» ብለው ነበር። የፈቃድ ጾም ነው ብለን አለፍናቸው። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ ግን አትጨነቁ፤ ሲሼልስ «ላዶብ» የሚሉት ምግብ አላቸው። ሙዝ ወይም ስኳር ድንች በኮኮናት ወተት ከቫኒላ ጋር የተቀቀለ ነው። ጾም እንደሆነ እስክትረሺው ድረስ ትበዪዋለሽ።

ዋናውን እዚሁ ተማሩ። እኛ ከሥራ በኋላ ሂልተን ገንዳ ሁለት ወር ተመላለስን። ከፍልውሃው የሚመጣ ሙቅ ውሃ ስለሆነ የአዲስ አበባ ብርድ ሰበብ አይሆንም። ውድ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን እስከ ባሕሩ ድረስ ሄዶ እግር ነክሮ መመለስ ከዚያ ይብሳል። ባለቤቴ በሁለት ወሩ መጨረሻ መንሳፈፍ ብቻ ነው የቻለው። መንሳፈፍ ይበቃል። መነጽሩን አጥልቀሽ ፊትሽን ውሃው ላይ ካስተኛሽ ዓሣዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ደግሞ «ጥቁር ሰው ፀሐይ አያቃጥለውም» የምንለውን ኩራት እቤት ተዉት። እኔ ጀርባዬ ተልጦ ሦስት ሌሊት በሆዴ ነው የተኛሁት።

አሁን ወደ ደሴቶቹ። ሲሼልስ 115 ደሴቶች አሏት፤ ሰው በብዛት የሚኖረው በሦስቱ ነው፦ ማሄ፣ ፕራዝሊን፣ ላ ዲግ። ከማሄ ፕራዝሊን በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከፕራዝሊን ላ ዲግ ሩብ ሰዓት። ባለቤቴ አልዳብራ ካልሄድን ብሎ ነበር። ከመቶ ሺህ በላይ ግዙፍ ኤሊዎች ያሉበት ቦታ ነው። ከማሄ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚርቅና በልዩ ፈቃድ፣ በመርከብ እንደሚሄዱበት ስናውቅ ከኤክሴሉ ተሰረዘ። በምትኩ ከፕራዝሊን ለግማሽ ቀን ኪዩሪዩዝ ደርሰን ተመለስን። ድሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያገልሉባት የነበረች ትንሽ ደሴት ናት። ኤሊዎቹ እንደ ሰፈር ውሻ በነጻነት ይዞራሉ፤ አንገታቸውን ስታኪላቸው ይዘረጉልሻል።

ፕራዝሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን ጫካ እንዳታልፉት። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ እዚያ ይበቅላል፤ ዘሩ በዓለም ትልቁ ነው፣ ከ17 ኪሎ በላይ የመዘነ ተገኝቷል። ወንዱና ሴቷ ዛፍ ለየብቻ ናቸው። የአገሩ ሰዎች በማዕበል ሌሊት ዛፎቹ ተራምደው ይገናኛሉ ይላሉ፤ ያየም ሰው አይተርፍም። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ለዚህ ነው ሰው በጊዜ የሚተኛው» አለ። እውነትም በጊዜ ይተኛሉ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚከፈት ነገር ብትፈልጊ አታገኚም።

ላ ዲግን ለሁለት ቀን ብለን ሄደን ስድስት ቀን ቆየን። መኪና እምብዛም የለም፣ ሰው ሁሉ በብስክሌት ነው። በሦስተኛው ቀን ምንም የምናደርገው አጣን። አኮረፍን፣ ተጣላን፣ ከዚያ ማውራት ጀመርን። አዲስ አበባ ላይ እኮ የምናወራው የትምህርት ቤት ክፍያና የውሃ ፈረቃ ነው። ማደሪያችን ወጥ ቤት ነበረው፤ የያዝነውን ሽሮ ሠርተን፣ በመንገድ ዳር ምግብ ቤት የዓሣ ካሪ ገዝተን፣ ወጪውን በግማሽ ቀነስን። ሆቴል ብናድር ኖሮ በአምስተኛው ቀን ወደ ቤት ነበርን።

ከሲሼልስ ኮሞሮስ ለመሄድ በአዲስ አበባ ተመልሰን ነው። አንድ ሌሊት እቤት አደርን። ልብስ አጠብን፣ መብራት አልነበረም፣ ጠዋት እንደገና ቦሌ። ለማንም እንደመጣን አልነገርንም፤ እንደ ሌባ ገብተን እንደ ሌባ ወጣን።

ኮሞሮስ ሌላ ዓለም ነው። ድሃ አገር ነው፣ ቱሪስትም ጥቂት ነው። ሕዝቡ ሙስሊም ስለሆነ ልብስሽን ሸፈን አድርጊ። ትልቋ ደሴት ግራንድ ኮሞር ላይ ሰሜን ወጣ ብሎ ሚትሳሚዩሊ የሚባል ዳርቻ አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ባሕር ላይ ያረፈው እዚያ ነው። ካፒቴን ልዑል አባተን የማያስታውስ የእኛ ዕድሜ ሰው የለም። ከ175 ሰው 125ቱ አለፉ። የተረፉትን ከውሃው ያወጡት ዓሣ አጥማጆችና በሆቴል የነበሩ እንግዶች ናቸው። አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። «አዲስ አበባ» ስንል ምንም አላሉም፤ እጃቸውን ወደ ባሕሩ ዘርግተው ቆዩ። የዚያን ቀን ዋና አላማረንም።

ከዚያ በትንሽ አውሮፕላን ሞሄሊ ገባን። ከሦስቱ የኮሞሮስ ደሴቶች ትንሿ ናት። ራቅ ያለ ስትዪ ይቺን ነው የምትፈልጊው። ኢትሳሚያ የሚባል መንደር ማታ ከአስጎብኚ ጋር የባሕር ኤሊ እንቁላል ስትጥል አየን። ባትሪ ማብራት ክልክል ነው፣ በጨረቃ ብቻ። አሸዋውን በእግሯ ቆፍራ መቶ ገደማ እንቁላል ጣለች። ዓይኗ ይፈስ ነበር። ባለቤቴ «እያለቀሰች ነው» አለኝ፤ አስጎብኚው ከሰውነቷ ጨው የምታስወጣበት መንገድ እንደሆነ ነገረን። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። ቀን ቀን ደግሞ ክንፉ ሲዘረጋ ከሜትር የሚበልጥ የሌሊት ወፍ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ታያለሽ፤ በዓለም ላይ ያለው እዚያና ጎረቤቷ አንዡዋን ላይ ብቻ ነው።

ከሞሄሊ መውጣቱ ነው ችግሩ። አውሮፕላኑ ተሰረዘ። ነገ አሉን፣ ነገም ተሰረዘ። «ኩዋሳ ኩዋሳ» በሚሏቸው ትንንሽ ጀልባዎች እናሻግራችሁ ያሉን ነበሩ። በጭራሽ እንዳትሞክሩት፤ ብዙ ሰው ሰምጦባቸዋል። ሦስት ቀን የሞሄሊ ዋና ከተማ ፎምቦኒ ተቀምጠን፣ ካሳቫና ሙዝ እየበላን፣ የያዝነው ጥሬ ዩሮ ሲመናመን እያየን ጠበቅን። የአዲስ አበባው በረራ አመለጠን፤ ቅጣት ከፍለን ቀኑን ቀየርን። አንዡዋን የቀረችብንም በዚሁ ነው። ባለቤቴ ኤክሴሉን ያጠፋው ፎምቦኒ ወደብ ላይ ነው፣ ስልኩ ላይ፣ እያየሁት።

ስለዚህ ለሦስት ሳምንት እንዲህ በሉት፦ ፕራዝሊን አምስት ቀን፣ ላ ዲግ ስድስት፣ ሞሄሊ አምስት። የተረፈውን አትሙሉት፤ ጀልባና አውሮፕላን ይበላዋል። ከሞሄሊ መውጫችሁና ከአዲስ አበባው በረራ መሀል ቢያንስ ሦስት ቀን ይኑር። ለኮሞሮስ ዩሮ በትንንሹ ዘርዝራችሁ ያዙ። የትኛው ወር እንዳሰባችሁ ግን አልጻፍሽም። ትኬቱን ሳትቆርጡ በፊት ንገሪኝ፣ ነፋሱን አብረን እናያለን።