ዝኩኒዬ አበባ ብቻ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ግቢዬ ውስጥ ዝኩኒ ዘራሁ፣ የዶሮ ኩስም በደንብ ሰጠሁት። አሁን ቅጠሉ ጃንጥላ አክሏል፣ አበባውም ሞልቷል። ፍሬው ግን ጣት ሲያክል ከጫፉ ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። ቅጠሉ ላይም ነጫጭ ነገር አያለሁ። ጎረቤቴ በሽታ ነው፣ መድኃኒት እርጪበት አለችኝ። ምን ልርጭ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አትርጪ። እንደነገርሽኝ ከሆነ ዝኩኒሽ አልታመመም፤ ያጣው ንብ ነው።

ዝኩኒ እንደ ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ነው የሚያወጣው። ወንዴው ቀጭን ረጅም ዘንግ ላይ ይቆማል። ሴቴዋ ግን ከአበባዋ ስር ትንሽዬ ዝኩኒ ይዛ ነው የምትወጣው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ያቺን ሲያይ «ፍሬ ያዘልኝ» ይላል። ገና አልያዘም! የወንዴው ብናኝ ካልደረሳት ጥቂት ቀን ቆይታ ቢጫ ትሆንና ትረግፋለች። ብናኙን የሚያመላልሰው ንብ ነው፣ በነሐሴ ዝናብ ደግሞ ንብ እንደልቡ አይወጣም። አበባዋ የምትከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ከረፈደ ተጨማደደች፣ አለቀ። መድኃኒት ብትረጪማ የቀሩትንም ንቦች ልትፈጂያቸው ትችያለሽ።

ስለዚህ የንቧን ሥራ አንቺ ትሠሪያለሽ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቡናሽን ሳታፈዪ በፊት ውጪ። አንድ ወንዴ አበባ ከነዘንጉ ቁረጪና ቢጫውን የአበባ ቅጠል ልጠሽ ጣዪ። መሃሉ ላይ የምትቀረውን ነገር ስትነኪያት ጣትሽን እንደ እርድ ቢጫ ታደርገዋለች። እሷን የሴቴዋ አበባ መሃል ላይ ዙሪያውን ቀባ ቀባ አድርጊ። አንድ ወንዴ ለሁለት ሦስት ሴቴ ይበቃል። ብናኙ ከራሰ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ሰማዩ ከጠቆረ ለነገ የደረሱትን፣ ጫፋቸው ቢጫ ሆኖ ገና ያልፈነዱትን አበቦች ማታ በፌስታል ሸፍኛቸውና ጠዋት አንሺላቸው። ፍሬዋ በሦስት አራት ቀን ውስጥ መወፈር ከጀመረች ተሳክቶልሻል።

ነጩን ነገር በአውራ ጣትሽ ጠረግ አድርጊው። ካልለቀቀና በቅጠሉ ጅማቶች መሃል ያለ ብርማ ጠብጣብ ከሆነ የዘሩ መልክ ነው፣ ተዪው። ብዙ ሰው ይሄንን በሽታ ነው ብሎ ደህና ቅጠል ሲያጭድ አይቻለሁ። እንደ ዱቄት ከለቀቀ ግን ሻጋታ ነው። የታመሙትን የታች ቅጠሎች ቆርጠሽ ከግቢ አውጪ፤ አንድ ኩባያ ወተት በዘጠኝ ኩባያ ውሃ አቅጥነሽ ፀሐይ ባለበት ጠዋት በየሳምንቱ እርጪ። ቶሎ ከተጀመረ ይረዳል። ሙሉ በሙሉ የነጣን ቅጠል ግን አይመልስም።

ኩሱንም አቁሚ። ቅጠሉ ጃንጥላ አከለ ስትዪኝ የጠረጠርኩት እሱን ነው፤ ናይትሮጂን ሲበዛበት ተክሉ ቅጠል ብቻ ያወፍራል፣ ፍሬውን ይረሳል። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሦስት በቅለው ከሆነ ጠንካራውን አስቀሪና ሌላውን ከስሩ ቁረጪ፣ አዝናለሁ አትበዪ። በተክልና በተክል መሃል አንድ ሜትር ያህል ይፈልጋል።

ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዝናቡ ድንገት ይቆምና ሰው ውሃ ማጠጣት ይረሳል፣ ከዚያ ደህና የያዘው ፍሬ ጫፉ ጠቁሮ ይሰረጉዳል። እሱ የውሃ መቆራረጥ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ስሩ ላይ አርኪው፣ ቅጠሉን አታርጥቢ። ቀትር ላይ ቅጠሉ ቢጠወልግ አትደንግጪ፤ ማታ ካልተነሳ ነው ውሃ የጠማው።

ፍሬው ስንዝር ሲሞላ ቁረጪው። «ነገ ትንሽ ይጨምር» ብለሽ ከተውሽው በሳምንት ውስጥ ክንድ አክሎ፣ ዘሩ ጠንክሮ ታገኚዋለሽ፣ ተክሉም አዲስ ማፍራቱን ያቆማል።